አቧራ እንዳይነካው

ጂንካ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

…እና መጽሔቱን ገልጬ ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጬ ነበር የተጫወትኩት፤ እርስዎ የጻፉትን ሳጥኑ ራሱ አንብቦ እንዲታዘዝ የፈለግሁ ይመስል። «ቀጭኑ ድምፅ ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ እንደሚሰማው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ግን የማያቆስል።» ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤዋለሁ። ክሩን መታሁት። ከሳጥኑ የወጣው ግን

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰላም ሳልልዎ ወደ ነገሬ ገባሁ። ሰላምታውን አሳምሬ ስጀምር ነገሩ ይጠፋብኛል፤ ነገሩን ስጀምር ሰላምታው ይቀራል። እንደምን አሉ ወይዘሪት ናርዶስ? ኤርጎ እባላለሁ። ጂንካ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ጊታር የምጫወተውም እኔ ነኝ። መጽሔታችሁ እዚህ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው፤ ሜዳው ሣር ስለሆነ ዝናብ ከጣለበት አውሮፕላኑ አያርፍም፣ መጽሔቱም አይመጣም። ሲመጣ ግን ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚጽፉትን ዓምድ ቆሜ ነው የማነበው።

አምፕሊፋየሩን፣ ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ የገዛነው በእርስዎ ቃል ነው። ለመውቀስ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ጽሑፍዎን አነበብኩላቸው። ሰብሳቢያችን አቶ ተፈሪ መነጽራቸውን አውልቀው፦

«ሰውየው ሰምቶ ነው የጻፈው ወይስ እንዲያው?» አሉ።

«ሴት ናት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሰምታ ነው» አሉና ተስማሙ።

አሁን ድምፁ ጎታ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ነው። ሰው መኖሩ ይታወቃል፤ ምን እንደሚል አይታወቅም። እናቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። ለካኮ አጥቢያ እንስጠውና እንገላገል የሚሉም አሉ። አያያዛችን ላይ ጉድለት የለም። «ከአቧራ ይጠበቅ፤ አቧራ የገባበት አምፕሊፋየር ድምፁ ይሞታል» ብለው የጻፉትን እንደ ትእዛዝ ነው የተቀበልነው። የእናቶች ጸሎት ኅብረት መሪያችን እማማ ሙሉሽ ገና እንደገባ አልብሰውታል። እስከ ዛሬ የአቧራ ቅንጣት አላየም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እባክዎ አይቀየሙኝ። በጆሮዎ ሰምተውታል?

አክባሪዎ ኤርጎ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአቶ ኤርጎ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ደብዳቤዎን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አወጣዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። የዘገየሁት እንዲህ እያደረግሁ ነው።

አዎ፣ ሰምቼዋለሁ። ፒያሳ፣ መደብሩ ኋላ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በራሴ ጊታር። ሻጩ በሩን ዘግቶልኝ ወጣ። ብቻዬን ነበርኩ። ብርጭቆና ማንኪያ የሚለው ነገር ከየት እንደመጣልኝ አላስታውስም፤ ያኔ ግን እውነት ነበር።

በሁለተኛዋ አጭር ደብዳቤዎ ለጠየቁኝ፦ ልክ ነዎት፣ መደብሩ በጀርባ ሽፋናችን ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። አዘጋጃችን አብነት ይህን አመስግኚ፣ ያን ንቀፊ ብሎኝ አያውቅም። አንዳንዴ ግን አስባለሁ፤ ብሎኝ የማያውቀው ማለት ስላላስፈለገው ይሆን? ስነቅፍ የነቀፍኳቸው ዕቃዎች ማስታወቂያ የሌላቸው ብቻ ሆነው ይሆን? የድሮ እትሞችን አውጥቼ ማየት እችላለሁ። እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ለአንባቢ መጻፍ አይገባኝም ነበር፤ ግን ጻፍኩት።

ወደ አምፕሊፋየሩ ልመለስ። መብራታችሁ በከተማው ጀነሬተር ነው ብለውኛል። ከዚያው መስመር ላይ ወፍጮ ካለ፣ ወፍጮው ሲነሳ ኃይሉ ይወርዳል፤ ኃይል ሲወርድ ድምፅ ይደክማል። ወፍጮው በቆመበት ሰዓት ይሞክሩት። ትሬብል የሚለውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ይውሰዱት። ገመዱንም ይለውጡ። ከዚያ ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።

ናርዶስ


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

እህት ናርዶስ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ሳጥኑ ብቻ ነው ያልዳነ።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ወፍጮ ቤቱ የአብዲ ነው። ከበሮ የሚመታው ጓደኛዬ ባሮክ ቀልደኛ ስለሆነ እሱን ላክሁት።

«አብዲ፣ በፈጠረህ፣ ለአንድ መዝሙር ያህል አቁምልን።»

«አጭር ነው ረጅም?»

«አጭር።»

«የእናንተ አጭር መዝሙር ሰምቼ አላውቅም! እህል ያስፈጨ ሁሉ እዚሁ ሊያድር ነው» አለና እየሳቀ አቆመልን። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጭምር መጥተው በመስኮት ያዳምጡ ጀመር። ተጫወትኩ። ያው ነው። ትሬብሉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ጎታው ውስጥ ያለው ሰው ትንሽ ቀጠነ እንጂ አልወጣም። ገመድ ከቀይ አፈር ከተማ መዘምራን ተውሼ ለወጥኩ። ያው ነው። እሁድ ለአምልኮ በምናስነሣው በራሳችን ጀነሬተርም ሞከርኩት፤ ያው ነው።

የአብሥራ፣ ብቻዋን ስትዘምር ሕዝቡ የሚያለቅስላት ልጅ፣ «ወንድም ኤርጎ፣ እሱ ሲገባ ዜማው ይጠፋኛል፤ ያለሱ ልዘምር» አለችኝ። እሱ የምትለው ሳጥኑን ነው። አልተቀየምኳትም። ቤቴ ገብቼ ግን ጊታሩን ከሳጥኑ ሳላገናኝ ብቻውን ብዙ ተጫወትኩ።

ባሮክ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ሳጥን ምንም አልሆነም። ያቺ ናርዶስ የምትሏት ሴት ጆሮዋን ትመርመር!» መዘምራኑ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ። የምጽፍልዎ እርስዎም እንዲስቁ ነው።

አቶ ተፈሪ እስከ ፋሲካ ታገሡ ብለዋል። ከፋሲካ በኋላ ወደ ካኮ ይሄዳል።

ኤርጎ


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤርጎ፣

«አንተ» ልበልህ። ከዚህ በታች ያለውን «እርስዎ» ለምለው ሰው መጻፍ አልችልም። አንተም «አንቺ» በለኝ።

ከዚያ ወዲህ በላክሃት አጭር ደብዳቤ ታምሜ ነው ወይ ላልከኝ፣ አልታመምኩም። ዝም ያልኩት በጓደኛህ ቀልድ ተቀይሜም አይደለም። ሳነበው ስቄያለሁ። ስቄ ስጨርስ ቤቱ በጣም ጸጥ ያለ መሰለኝ። ጸጥ ብሎ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

እህቴ ቤቲ የእጅ ሰዓት አላት። በየሰዓቱ ጢጥ ይላል። ይላል ነው የምትለኝ። አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀምጠን «ይሄ ሰዓት አሰለቸኝ» አለች። ሰዓቱ በእኔና በእሷ መካከል፣ ዳቦው አጠገብ ነበር። እጄን ዘርግቼ ቁልፉን እንደማጠፋ ሆንኩ፤ የሰማሁ መስዬ። ይህ ከሆነ ቆይቷል። ስለ አምፕሊፋየሩ ከመጻፌ በፊት ይሁን በኋላ እያልኩ ቀኑን እፈልጋለሁ። አላገኘሁትም።

ለዓመታት በሆቴል ባንድ ውስጥ ስጫወት የከበሮው ጸናጽል በግራ ጆሮዬ በኩል ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። በማዳመጫ ድምፅ እያሰማኝ፣ ስሰማ እጄን እንዳነሣ ነገረኝ። እጄን ብዙ ጊዜ አነሣሁ። ግን ከሰማሁት ይልቅ የሐኪሙን እጅ እያየሁ ነበር፤ ማዞሪያውን ሲነካ አነሣለሁ። «ለክፉ የሚሰጥ አይደለም» አለኝ። ራሴ ነኝ ያታለልኩት።

አሁን የምፈራውን ልንገርህ። መደብሩ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ያን ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ ክሩን ሲነካ የሰማሁት ግን ትዝታውን ይሆናል። ጆሮ ያልሰጠኝን ጣት ሞልቶልኝ ይሆናል። አንተ እዚያ፣ ከወንድሞችህና ከእህቶችህ ጋር፣ ወፍጮ አስቁመህ፣ ገመድ ተውሰህ ሰምተኸዋል። ሁላችሁም አንድ ነገር ሰምታችኋል። ለየት ያለ ነገር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለአብነት አንድ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፦ ስለ አምፕሊፋየሩ የጻፍኩትን እንዳነሣሁና ዓምዱን ለሌላ ሰው እንደለቀቅሁ የሚል። «እስከ ፋሲካ ይቆይ፤ አስቢበት» ብሎ ኪሱ ከተተው። በጆሮዬ ነው የኖርኩት ኤርጎ። እጆቼም ሥራ የሚያውቁት እሱን ተከትለው ነው።

ይህን ቤቲም አታውቅም። ለምን ለአንተ እንደጻፍኩ እንጃ። አይተኸኝ ስለማታውቅ ይሆናል።

ናርዶስ


ጂንካ፣ የካቲት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ናርዶስ፣

ቸኩያለሁ። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ነው፤ ልጆች ከብቶቹን እያባረሩለት ነው፤ ሳይነሣ ይህን ማድረስ አለብኝ።

ልብሱ ነው።

ጆሮሽ አይደለም። ልብሱ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፍ። እማማ ሙሉሽ ለሳጥኑ ልብስ ሰፍተውለታል። ነግሬሽ ነበር፤ አልብሰውታል ብዬሽ ነበር፤ ግን እንደ ነገር አልነገርኩሽም። ሰው አባትህ እንዴት ናቸው ቢለኝ ስለ ኮታቸው አላወራም። ቀይ ከፋይ ነው፤ ከሠርግ ካባቸው የተቀደደ። ውስጡ አቡጀዲ ነው፤ በመካከሉ ጥጥ ገብቶበታል፣ እንደ ብርድ ልብስ። ከአናቱ እስከ መሬት ይወርዳል። ለማዞሪያዎቹና ለገመዱ ብቻ ቀዳዳ አለው። ፊቱ ላይ ርግብ ተጠልፎበታል። የምንጫወተው ለብሶ ነው። አቧራ እንዳይነካው ብለሽ ጽፈሽ የለ? ከጻፍሽው ሁሉ በጣም ያከበርነው ያንን ነው።

ትናንት እማማ ሙሉሽ «ለፋሲካ እንዲደርስ ልጠበው» ብለው ወሰዱት። ሳይለብስ ተጫወትን። የመጀመሪያውን ክር እንደመታሁ የአብሥራ መዝሙሯን አቁማ ወደ ኋላ ዞረች። «ማነው?» አለች። ሰው የገባ መስሏት ነው። ባሮክ የከበሮውን ዱላ ጣለ። ብርጭቆው ናርዶስ። ማንኪያው። ልክ እንደጻፍሽው፤ ጥርት ያለ፣ ግን የማያቆስል።

ለእማማ ሙሉሽ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። ልብሱ አጥራቸው ላይ ተሰጥቷል። ሳልፍ «አይዞህ፣ አሁን ይደርቃል» ይሉኛል።

ማስታወሻውን አታውጪው። እባክሽ። ከብቶቹ ወጡ፤ ልሩጥ።

ኤርጎ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ኤርጎ፣

ደብዳቤህን ለቤቲ አነበብኩላት፤ ስለ ጆሮዬም የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። እንባ መጣባት። «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አለች። አየህ? እሷም የያዘችው ደግነትህን ነው። እውነት ነው አላለችም።

አትቀየመኝ። ደግነትህን እንደ ትልቅ ስጦታ ነው የተቀበልኩት። ግን ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ያምራል። ከሠርግ ካባ የተቀደደ ከፋይ። ጥጥ። ርግብ። የቆመ መዝሙር፣ «ማነው?» የምትል ልጅ። ጥፋቱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የእኔው ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የሚያስከብረኝ ጥፋት። አንድ ሰው ጆሮዬን ለማዳን ሲል ከነጥልፉ ልብስ ሰፋ ብዬ አሰብኩ።

እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን ነገር ስትጽፍ ቃላቱ ሳትጠራቸው ይመጣሉ። ስለ ዕቃ ስጽፍ አንባቢ የሚያምነኝ ክፍሏ ውስጥ አብሮኝ ስላልነበረ ነው። አሁን እኔ አንባቢ ነኝ። ክፍላችሁ ውስጥ አልነበርኩም።

ሐኪሙ ለክፉ አይሰጥም አለ። ቤቲ አንዳንዴ እኔም ሰዓቱን አልሰማውም አለች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ አታውቅም። አብነት ዓምድሽን የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም አለ። ሁሉም ደግ ሆነብኝ። አንተ ስትጀምር ደግ አልነበርክም፤ «በጆሮዎ ሰምተውታል?» ነበር ያልከኝ። ስለዚህ ነበር የጻፍኩልህ።

ተራዬ ነውና ልጠይቅህ፤ ያ ልብስ አለ?

ናርዶስ


ጂንካ፣ መጋቢት 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለናርዶስ፣

ልብሱ አለ። የርግቧ አንድ ክንፍ ከሌላው ያጥራል፤ እማማ ሙሉሽ ክር አልቆባቸው ነው። ከራሴ ፈጥሬ ቢሆን ኖሮ ክንፎቹን እኩል አደርጋቸው ነበር።

ተቀይሜሻለሁ። ትናንት ከዚህ የባሰ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ተማሪዎቼም አወቁብኝ፤ «ጋሼ ዛሬ ምን ሆኗል?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአባቴ ሰፈር ዋሽንት የሚነፋው በቡድን ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ይነፋታል፣ ዜማው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይሄዳል። አጎቴ ጆሮው ከጠፋ በኋላም ቦታውን አልለቀቀም። ከጎኑ ያለውን ሰው ትከሻ ያያል፤ ትከሻው ሲወርድ የራሱን ይነፋል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ልጅ ሆነን «አጎቴ፣ ዛሬስ ሰማህ?» ስንለው «አይ፣ ደንቁሬያለሁ፤ አንተ ግን ሰማኸኝ?» ይለን ነበር። ትሰማለህ እኮ ብሎ የዋሸው ሰው አልነበረም። መዋሸቱ አላስፈለገም። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ጆሮሽ ጠፍቶ ቢሆን ጠፍቷል እልሽ ነበር፤ ከዚያም ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር።

ልብሱ ደርቆ ተመልሷል። ለእማማ ሙሉሽ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ሳይመጡ አወልቀዋለሁ፣ ድምፃቸውን ከውጭ ስሰማ ሮጬ አለብሰዋለሁ። ባሮክ በር ላይ ይቆምልኛል። ያቺ ካባ ከሠርጋቸው የቀረቻቸው ብቸኛ ነገር ናት። ያውም ቀደው ነው የሰጡን። አሁን በምን አፌ «ያፈነን እሷ ናት» ልበላቸው? በፋሲካ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ለብሶ ሊጫወት ነው። ከዚያ ካኮ።

ካሴት ልኬልሻለሁ። በአንዱ ፊት ለብሶ፣ በሌላው ሳይለብስ። የቱ የቱ እንደሆነ አልጻፍኩበትም።

ኤርጎ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ኤርጎ፣

ሁለቱም ፊት አንድ ነው።

ካሴት ቀጭኑን ድምፅ እንደሚበላ አውቃለሁ። የእናንተ ቴፕ ያረጀ ሊሆን እንደሚችልም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለአንባቢዎች ስገልጽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቴፑን ይዤ እስከ ቤቲ ክፍል ድረስ ሄድኩ። አሰምቻት «ይለያያል» ብትለኝስ? «አንድ ነው» ብትለኝስ፣ አምናታለሁ? ተመለስኩ።

አብነት ማስታወሻውን ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው በፋሲካ ማግስት ነው።

ለጥቂት ጊዜ አትጻፍልኝ።

ና.


ጂንካ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

ናርዶስ፣

አትጻፍልኝ ብለሽኛል። ግን መጥተሽ ነበር!

ያወቅሁት ትናንት ነው። ሆቴል የምትሠራው ሰናይት ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝታኝ «ያቺ የአዲስ አበባ እንግዳህ ደህና ገባች?» አለችኝ። የቷ እንግዳ አልኳት። «ናርዶስ ናት እኮ፤ ቤተ ክርስቲያናችሁን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ቁርስም ሳትበላ ነው በአውሮፕላን የሄደች። ምን አድርገሃት ነው?» ገበያው መካከል ቆሜ ቀረሁ። ምን አደረግሁሽ?

ከዚያ አሰብኩ። ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ልምምድ ላይ፣ ኋላ ከእናቶች ጋር አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ተቀምጣ ነበር። የቀይ አፈር ሰው መስላኝ ነበር። ያን ዕለት ሳጥኑን አውልቄው ነበር፤ ልብሱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ባሮክ መዝሙሩ ይዞት በሩን ረስቷል። እማማ ሙሉሽ ሳይታሰቡ ገቡ። እጄ ክሩ ላይ ደረቀ። ከዚያ መጫወት ካቆምኩ የባሰ መሰለኝና ቀጠልኩ፤ ወደ ኋላ ለማየት ግን አልደፈርኩም። ቀና ስል እሳቸውም የሉም፣ እንግዳዋም የለችም።

በፋሲካ ሳጥኑ ሳይለብስ ነው የተጫወተው። ልብሱን ያመጣው የለም። የአብሥራ ዘመረች፤ ሰው አለቀሰ። በማግስቱ አቶ ተፈሪ «ካኮዎች ሌላ ይፈልጉ» አሉ። እማማ ሙሉሽ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ስለ ልብሱ ቃል አይተነፍሱም። «ያቺ ሴት ምን አለችዎ?» አልኳቸው። «እንግዳ ናት፤ የእንግዳ ነገር ለአስተናጋጁ ነው» ብለው አለፉኝ።

ምን አልሻቸው? ማስታወሻውስ? ዝናቡ ስላላቆመ መጽሔቱ አልደረሰንም።

ኤርጎ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ኤርጎ፣

ይቅርታህን የምፈልገው ስለ መምጣቴ ሳይሆን ሳልነግርህ ስለ መሄዴ ነው። እመጣለሁ ብዬ ብጽፍልህ ሳጥኑን ታዘጋጀው ነበር፣ ራስህንም፣ ምናልባት መዘምራኑንም። የተዘጋጀልኝን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ስለ ማስታወሻው የጠየቅኸኝን መጽሔቱ ሲደርስህ ታየዋለህ። ለእማማ ሙሉሽ ምን እንዳልኳቸው ግን በመጽሔቱ አይወጣም፤ ስለዚህ የሆነውን ልጻፍልህ።

እኔ ስገባ ገና እየቃኛችሁ ነበር። ኋላ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ታጥፎ የተቀመጠውን ልብስ መጀመሪያ ያየሁት እንደ ማንኛውም ልብስ ነው። ቀጥሎ ርግቧን አየሁ። አጭሩን ክንፍ። እጄን አስደግፌበት ቆየሁ። ስለዚህ አለ። ያን ያህሉን አምኛለሁ፤ ስላላመንኩህ ይቅር በለኝ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አንዲት ባልቴት ገብተው ከጎኔ ሊቀመጡ መጡ። ቦታ ለመልቀቅ ልብሱን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ከባድ ነው፤ የተኛ ሕፃን የመያዝ ያህል። ልብሱን አዩት፣ ሳጥኑን አዩት፣ አንተን አዩህ። ጀርባህ ወደ እኛ ነበር። ትከሻህ ከፍ ብሎ ሲቀር አየሁ። ከዚያ መጫወትህን ቀጠልክ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«እንግዳ ነኝ እማማ።»

«ጎሽ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ይፈራል። ይሄ ልጅ ልብሱን የሚደብቀኝ የማላውቅ መስሎት ነው፤ ያኛው ከበሮ መቺ ደግሞ በር ላይ ቆሞ እንደ ዶሮ ያስላል።» ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ሲለብስም ሲወልቅም ያው ነው የሚሰማኝ። ሲወልቅ የመዘምራኑ ፊት ይፈካል፣ ሲለብስ ይጠቁራል፤ የማየው እሱን ነው። የሰፋሁት ልብስ አፍኖት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። አንቺ የማንም አይደለሽም። እንዴት ነው ድምፁ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሰዎች ሲጠይቁኝ ኖረዋል። መልስ አጥቼ አላውቅም። እዚያ ግን ከሳጥኑ የሚመጣውን እያዳመጥኩ ጭኔ ላይ ያለውን ነገር አየሁ። ጥርት ብሎ ይሰማኛል ካልኩ፣ ያ ሁሉ ወር የታፈነው በእሳቸው ካባ ነው። ታፍኗል ካልኩ፣ ካባው ነፃ ነው፤ የታፈንኩት እኔ ነኝ። ከሁለታችን ለአንዳችን መፍረድ ነበረብኝ። ሁለቱም ፍርዶች ግን ከሰማሁት ነገር ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። አንተ እየተጫወትክ ነበር፤ ልጅቷም ገባችበት። አዳመጥኩ። ማንንም ሳላይ፣ የአንተንም ትከሻ ሳላይ።

እሳቸው መዘግየቴን በሌላ ተረጎሙት። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፦

«ለእኔ አትዘኚ ልጄ። ካባ ነበር፣ ቀድጄ የሳጥን ልብስ አደረግሁት፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል። የሰማሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

ጎንበስ አሉልኝ። አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ የሰማሁትን ነገርኳቸው፤ ብርጭቆና ማንኪያ።

ቀና ብለው ፊቴን ብዙ አዩት። ልብሱን ከጭኔ አነሡ፣ በክንዳቸው ላይ አደረጉት፣ በወንበሮቹ መካከል ሳይቸኩሉ አልፈው ወጡ። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።